በሰንሰለት ታስረው ለልመና የወጡት እስረኞች እና የቃዲው ደብዳቤ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ዛሬ የምናወጋችሁ ከ1200 ዓመታት በፊት ስለተጻፈ አንድ ምክር ነው። የተጻፈው በዘመኑ በምድር ላይ ኃያል ለነበረው ሰው፣ ለኸሊፋው ሃሩን አር-ረሺድ ነው። ጸሐፊው የመንግሥቱ ዋና ዳኛ ኢማም አቡ ዩሱፍ ናቸው። የተጻፈላቸው ግን ስማቸውን ማንም የማያውቃቸው ሌቦች፣ ወንበዴዎች፣ ተጠርጣሪዎችና ዘመድ የሌላቸው እስረኞች ናቸው።

ስለ ኢስላም ታሪክ ስናወራ ብዙ ጊዜ የምናነሳው ፈትሑን፣ ቤተ መጻሕፍቱን፣ የበግዳድን ውበት ነው። መልካም ነው። ነገር ግን የአንድ ሕዝብ ፍትሕ የሚለካው በአደባባዩ ብቻ አይደለም። ከወህኒው በር ጀርባ ባለው ነገርም ይለካል። ስለዚህ ዛሬ ወደዚያ በር እንሂድ።

▪️ መነሻው፡ ያለ እስር ቤት የነበረች ከተማ

በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን መዲና ውስጥ ለእስር ተብሎ የተሠራ ቤት አልነበረም። የተያዘ ሰው በሰው ቤት ወይም በመስጂድ ይቆይ ነበር። የበኒ ሐኒፋው አለቃ ሡማማ ኢብኑ ኡሣል በተያዘ ጊዜ ከነብዩ መስጂድ ምሰሶ ጋር ታስሮ እንደነበር በቡኻሪ ተዘግቧል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በየቀኑ እየመጡ ያናግሩት ነበር። በሦስተኛው ቀን ያለ ምንም ካሳ ፍቱት አሉ። ተፈታ፤ ሄዶ ታጠበ፤ ተመልሶ መጥቶም ሸሃዳ ያዘ። ሦስት ቀን የታሰረው ሰጋጆችን እያየ፣ ቁርኣን እየሰማ ነበር።

ከዚያ በፊት በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ ከበድር ጦርነት በኋላ ሰባ ያህል ምርኮኞች ተይዘው ነበር። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መልካም አያያዝ እንዲደረግላቸው አዘዙ። ከምርኮኞቹ አንዱ የሙስዐብ ኢብኑ ዑመይር ወንድም አቡ ዐዚዝ ነበር። እሱ ራሱ በኋላ እንደተናገረው፣ የያዙት አንሷሮች ምግብ ሲቀርብ ዳቦውን ለእሱ ይሰጡና እነሱ ተምር ይበሉ ነበር። በዚያን ጊዜ በመዲና ከተምር ይልቅ ዳቦ ብርቅ ነበር። መሳሪያ አንስቶ ሊገድላቸው የመጣ ሰው እኮ ነው! ለመዋጃ የሚከፍሉት ገንዘብ ከሌላቸው ምርኮኞች መካከል ጽሕፈት የሚችሉት ደግሞ የአንሷር ልጆችን አስተምረው ነጻ እንዲወጡ ተደረገ።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ኢንሳን 8ኛ አያ ላይ፣ ምግብን እየወደዱት ለድሃ፣ ለየቲምና ለምርኮኛ የሚያበሉ ባሪያዎቹን አወድሷል። ሦስቱን በአንድ ረድፍ ማስቀመጡን ልብ በሉ። ድሃውና የቲሙ ለማንም ያሳዝናሉ። ሦስተኛው ግን ብዙ ሰው ፊቱን የሚያዞርበት ነው።

ከተሞች ሲሰፉና ሕዝቡ ሲበዛ እስር ቤት አስፈለገ። በሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ) ዘመን በመካ ከሶፍዋን ኢብኑ ኡመያ ላይ አንድ ቤት በ4000 ዲርሃም ተገዝቶ ለእስር ቤት ዋለ። ሰይዲና ዐሊ (ረ.ዐ) ደግሞ በኩፋ መጀመሪያ በሸምበቆ የተሠራ እስር ቤት አቋቋሙ፤ ስሙም "ናፊዕ" ይባል ነበር። እስረኞች ቀዳደው ቢያመልጡ ጊዜ በጭቃ ጠንከር ያለ ሌላ አሠሩ፤ ስሙንም "ሙኸየስ" አሉት። እስር ቤት እንግዲህ እንዲህ ጀመረ። ችግሩ የመጣው በኋላ ነው።

▪️ እስር ቤት የሞቱት ኡስታዝና ዋና ዳኛ የሆኑት ተማሪ

ኢማም አቡ ሐኒፋ (ረሒመሁላህ) የኩፋ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። በሥራቸው ይተዳደራሉ፤ ከትርፋቸውም ደረሶቻቸውን ይደጉማሉ። የዐባሲያው ኸሊፋ አል-መንሱር ዳኛ ሁን ቢላቸው እምቢ አሉ። ከዚያ በፊትም በኡመያዎች መጨረሻ ዘመን የዒራቁ አስተዳዳሪ ኢብኑ ሁበይራ ሹመት አልቀበልም ስላሉት አስገርፏቸው ነበር። አል-መንሱር በግዳድ ውስጥ አሰራቸው። በ150 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ 767) ሲሞቱ፣ በብዙ ታሪክ ጸሐፊዎች ዘገባ መሠረት፣ እዚያው እስር ቤት ነበሩ።

ከደረሶቻቸው አንዱ የድሃ ልጁ የዕቁብ ኢብኑ ኢብራሂም ነው፤ እኛ አቡ ዩሱፍ ብለን የምናውቃቸው። በ113 ዓመተ ሂጅራ ተወለዱ። ቤተሰባቸው ድሃ ስለነበር ወደ ሥራ እንዲሄዱ ይገፏቸው ነበር። አቡ ሐኒፋ ግን ከኪሳቸው እየሰጡ ትምህርቱ እንዳይቋረጥ አደረጉ። አንድ ዓሊም የአንድን ድሃ ልጅ ቀለብ በመቻሉ ምን እንደተገኘ አሁን እናያለን።

አቡ ዩሱፍ ከኡስታዛቸው የተለየ መንገድ መረጡ። ሹመቱን ተቀበሉ። በሦስት ኸሊፋዎች ሥር ዳኛ ሆኑ፤ በሃሩን አር-ረሺድ ዘመን ደግሞ "ቃዲል ቁዳት" ማለትም የዳኞች ዳኛ የሚለውን ማዕረግ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዙት እሳቸው ናቸው። በዚህ ምክንያት በዘመናቸው የነቀፏቸው ነበሩ። ኡስታዝህ የሞተለትን አቋም ትተህ ቤተ መንግሥት ገባህ የሚል ነቀፋ ቀላል አይደለም።

እኛ በሁለቱ ኢማሞች መካከል ዳኛ ለመሆን አንቀመጥም። አንዱ "እምቢ" በማለት ዲኑን አከበረ፤ ሌላው ገብቶ ተናገረ። ነገር ግን ቤተ መንግሥት የገባ ሰው የሚመዘንበት አንድ ጥያቄ አለ፦ ከገባ በኋላ ለማን ተናገረ? የአቡ ዩሱፍ መልስ በጽሑፍ ተቀምጧል።

▪️ ስለ ግብር ተጠይቀው ስለ እስረኛ ጻፉ

ሃሩን አር-ረሺድ ስለ መሬት ግብር፣ ስለ ዘካና ስለ መንግሥት ገቢ መመሪያ የሚሆን መጽሐፍ እንዲጽፉለት ጠየቃቸው። የተጻፈው "ኪታቡል ኸራጅ" እስከ ዛሬ ይነበባል። የመንግሥት ገቢ መጽሐፍ ነው። ነገር ግን በውስጡ ስለ ሌቦች፣ ስለ አጥፊዎችና ስለ እስር ቤት የሚናገር ክፍል አለ። ዋናው ነገር እዚህ ጋር ነው።

አቡ ዩሱፍ የዘመኑን ሁኔታ ሳይሸፋፍኑ ገለጡት። ቀለብ የሌላቸው እስረኞች በሰንሰለት እንደታሰሩ ወደ ከተማ እየወጡ ይለምናሉ። በበግዳድ፣ በዚያ የወርቅ ዘመን በምንለው ጊዜ! አቡ ዩሱፍ ይህን ትልቅ ነውር አሉት። ሙስሊሞችን የማረከ ጠላት እንኳ እንዲህ የሚያደርግ አይመስለኝም፣ ታዲያ እንዴት በእኛ አገር ይሆናል በሚል መንፈስ ኸሊፋውን ሞገቱ።

ክርክራቸው ግልጽ ነው። የጦር ምርኮኛ እንኳ ጉዳዩ እስኪወሰን ድረስ መመገብ አለበት። ታዲያ የተሳሳተ ወይም ኃጢአት የሠራ የራሳችን ሰው በረሃብ እንዲሞት ይተዋል? እስር አንድ ቅጣት ነው፤ ረሃብ ሌላ ቅጣት ነው። ዳኛው የፈረደው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ቀጥለው ዝርዝር አሠራር አቀረቡ፦

1. ራሱን መቻል ለማይችል እስረኛ ሁሉ ከበይተል ማል በወር 10 ዲርሃም ይሰጠው።

2. የሚሰጠው በገንዘብ እንጂ በዳቦ አይሁን። ለምን? ዳቦ ከሆነ የወህኒው ጠባቂዎችና አዛዦች ይወስዱታል። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚል ተረት ያለን እኛ ይህን ለመረዳት አንቸገርም። አቡ ዩሱፍ እርዳታው መንገድ ላይ የት እንደሚጠፋ ያውቁ ነበር።

3. ለሥራው ደግና ታማኝ ሰው ይሾም። የእስረኞቹን ስም ዝርዝር ይያዝ። ወር በገባ ቁጥር ተቀምጦ እያንዳንዱን በስሙ እየጠራ በእጁ ይስጠው። የተፈታ ሰው ካለ የእሱ ድርሻ ይመለስ።

4. ልብስም ይሰጣቸው፤ በክረምት ቀሚስና ኩታ፣ በበጋ ቀሚስና ሽርጥ። ለሴቶቹ ደግሞ ከዚህ በተጨማሪ ጉፍታ።

ጉፍታው ሳይረሳ መጻፉን አስተውሉ። የመንግሥት ግብር ሲሰላ፣ እስር ቤት ያለች ሴት ራሷን የምትሸፍንበት ጨርቅ በዋናው ዳኛ ብዕር ተጻፈ። ክብር ማለት እንዲህ ያለው ነው።

▪️ ሁለት ቀን ያልተቀበረው ጀናዛ

ከደብዳቤው ክፍሎች ሁሉ ልብ የሚነካው ስለ ሞቱ እስረኞች የተጻፈው ነው። አቡ ዩሱፍ የደረሳቸውን ወሬ ለኸሊፋው ነገሩት። ዘመድ የሌለው እንግዳ ሰው እስር ቤት ውስጥ ሲሞት አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ሬሳው ይቆያል። በመጨረሻ እስረኞቹ ራሳቸው ካላቸው አዋጥተው ተሸካሚ ይቀጥራሉ። ሳይታጠብ፣ ከፈን ሳይኖረው፣ ሳይሰገድበት ይቀበራል። ስለዚህ ዘመድ የሌለው እስረኛ ሲሞት የማጠቢያና የከፈኑ ወጪ ከበይተል ማል ይሸፈን፤ ይሰገድበት፤ ይቀበር አሉ።

እስረኞቹ ያደረጉትን ልብ እንበል። የራሳቸው ቀለብ የሌላቸው፣ ከተማው የናቃቸው ሰዎች፣ ለማያውቁት ሟች አዋጡ። በኸሊፋው ከተማ ፈርዱል ኪፋያውን ለመወጣት የሞከሩት ወንጀለኞች የተባሉት ናቸው።

▪️ ያልታየ መዝገብ፣ የሚጮህ ጀርባ

አቡ ዩሱፍ በምጽዋት ብቻ አላበቁም። እስር ቤቱ ለምን ሞላ ብለው ጠየቁ። መልሳቸው፣ ሹሞች የእስረኞችን ጉዳይ ስለማያዩ ነው የሚል ነው። ሰው ይታሰራል፤ ከዚያ ይረሳል። ስለዚህ ሹሞች ሁሉ በየጊዜው የእስረኞችን ጉዳይ እንዲመረምሩ፣ ተግሣጽ የሚገባው ተገሥጾ እንዲለቀቅ፣ ክስ የሌለበት ወዲያው እንዲፈታ ይታዘዝ አሉ።

አንድ ሰው ሌላውን ስለወነጀለ ብቻ ተከሳሹ መታሰር የለበትም። ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ይቅረቡ። ማስረጃ ካለ ይፈረድ፤ ከሌለ በዋስ ይለቀቅ። በጥርጣሬ ብቻ ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ ግርፋት የሚገርፉ ሹሞች መኖራቸውንም ጠቅሰው፣ ይህ አይፈቀድም አሉ። የሙእሚን ጀርባ በሸሪዓ ከሚገባው ቅጣት በቀር የማይነካ ነው። ሲራብ፣ ሲያስፈራሩት ወይም ሲታሰር ሰው በራሱ ላይ ለሚናገረው ነገር እምነት እንደማይጣልበት ከሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ) የተላለፈውንም በመጽሐፉ አስፍረዋል።

አንባቢ እንዳይሳሳት፦ አቡ ዩሱፍ ቅጣት ይቅር አላሉም። እንዲያውም ፍርድ በሥርዓቱ ቢፈጸም የእስረኛው ቁጥር ይቀንስ ነበር ባይ ናቸው። ወንጀለኛው ይጠየቅ፤ ግን በሕግና በማስረጃ፣ በተወሰነለት ልክ ብቻ።

ይህን ሁሉ ሲጽፉ አዲስ ነገር እንዳላመጡም አሳይተዋል። ለእስረኞች ቀለብና ልብስ በመስጠት በዒራቅ መጀመሪያ የሠሩበት ሰይዲና ዐሊ (ረ.ዐ) እንደነበሩ፣ በሻም ደግሞ ሙዓዊያ (ረ.ዐ) እንደተከተሉ ጠቅሰዋል። የኸሊፋ ዑመር ኢብኑ ዐብዱል ዐዚዝንም (የገዙት ከ99 እስከ 101 ዓመተ ሂጅራ) ትእዛዝ አስታውሰዋል። እሳቸው ለሹሞቻቸው፣ ቆሞ መስገድ እስከማይችል ድረስ ማንም እንዳይታሰር፣ በደም ከሚፈለግ ሰው በቀር ማንም በእግር ብረት እንዳያድር፣ ለምግብና ለማባያ የሚበቃ ቀለብ እንዲሰጥ ጽፈው ነበር። በዕዳ የታሰረው ከወንበዴ ጋር እንዳይቀላቀል፣ ሴቶች ለብቻቸው እንዲሆኑ፣ ጠባቂውም ጉቦ የማይበላ ሰው እንዲሆን ማዘዛቸውም ተዘግቧል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ዑመር ኢብኑ ዐብዱል ዐዚዝ ያን አዘዙ። ከሰባ ያህል ዓመት በኋላ አቡ ዩሱፍ የሚለምኑ ሰንሰለተኞችን አዩ። ፍትሕ አንዴ ተተክሎ በራሱ የሚያድግ ዛፍ አይደለም። ውሃ የሚያጠጣው ሲጠፋ ይደርቃል። ታሪካችንን በሐቅ ስናነብ የምናገኘው ንጹሕ የወርቅ ዘመን ሳይሆን፣ በየዘመኑ ስህተትን አይተው ዝም ያላሉ ሰዎችን ነው።

▪️ ከዚያስ?

ዘሩ ጨርሶ አልጠፋም። ከአቡ ዩሱፍ ሞት (182 ዓመተ ሂጅራ) መቶ ያህል ዓመት በኋላ፣ በኸሊፋ አል-ሙዕተዲድ የበጀት መዝገብ ውስጥ ለእስረኞች ወጪ በወር 1500 ዲናር ተመድቦ እናገኛለን። በአል-ሙቅተዲር ዘመን ደግሞ ወዚሩ ዐሊ ኢብኑ ዒሳ ለሐኪሞች አለቃ ለሲናን ኢብኑ ሣቢት ጻፉ። ብዙ ሰው በጠባብ ቦታ ሲታጎር መታመሙ አይቀርም፤ ስለዚህ ሐኪሞች በየቀኑ መድኃኒት ይዘው እስር ቤቶችን ይጎብኙ የሚል ነበር።

ሕዝቡም ለመንግሥት ብቻ አልተወውም። ኢብኑ ባጡጣ በ726 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ 1326) ደማስቆ ሲገባ በወቅፎቹ ብዛት ተገረመ። ሐጅ ለማይችሉ የሚሆን ወቅፍ አለ፤ ለድሃ ሙሽሮች አለ፤ ለመንገደኞች አለ፤ የተያዙትን ለማስለቀቂያም አለ። ነጋዴው ሱቁን፣ ባለ እርሻው አትክልቱን ወቅፍ አድርጎ፣ ገቢው ለዘላለም ለማያውቀው ሰው ይውል ነበር።

ከእስር ቤት የወጣ ዒልምም አለ። የሐነፊይ መዝሀብ ትልቁ ዓሊም ኢማም አስ-ሰረኽሲ በኡዝጀንድ ጉድጓድ ውስጥ ታስረው ሳሉ፣ ከላይ ለተቀመጡት ደረሶቻቸው በቃላቸው እየነገሩ "አል-መብሱጥ" የተባለውን ግዙፍ የፊቅህ መጽሐፍ አስጽፈዋል። ነብዩላህ ዩሱፍም (ዐ.ሰ) እስር ቤት ሆነው ለሁለት ጓደኞቻቸው ተውሒድን እንዳስተማሩ ቁርኣን ነግሮናል። የታሰረ ሰው ያበቃለት ሰው አይደለም።

▪️ ወደ እኛ ስንመጣ

በአገራችን ታሪክም ሰንሰለት እንግዳ አይደለም። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ተበዳሪ ጉዳያቸው እስኪያልቅ በአንድ ሰንሰለት ይቆራኙ ነበር። "ቁራኛ" የምንለው ቃል ከዚያ የቀረ ነው። ዛሬ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብና ተገድዶ የሰጠው ቃል ማስረጃ እንዳይሆን ይደነግጋል። አንቀጽ 21 ደግሞ እስረኛ ክብሩ እንዲጠበቅ፣ በቤተሰቡ፣ በጓደኞቹ፣ በሃይማኖት አማካሪው፣ በሐኪሙና በጠበቃው እንዲጎበኝ መብት ይሰጠዋል። አቡ ዩሱፍ ከጠየቁት ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ እናንተው መዝኑት። ሕግ መጻፉ ግን የሥራው ግማሽ ነው። ቀሪው ግማሽ የሚጎበኝ ሰው መኖሩ ነው።

ውድ ወጣቶች፣ አንድ ነገር በግልጽ እንነጋገር። ያለ ጥፋቱ የታሰረ ሰው ሲኖር እናዝናለን፤ ዱዓእ እናደርጋለን። ተገቢ ነው። ነገር ግን የሰፈራችን ልጅ ስልክ ሰርቆ ሲታሰር ማን ይጠይቀዋል? እናቱ ስንቅ ቋጥራ በታክሲ ስትመላለስ ማን ያግዛታል? ልጆቹ "የሌባ ልጅ" ሲባሉ ማን ይከላከልላቸዋል? የአቡ ዩሱፍ ደብዳቤ የተጻፈው ለንጹሐን ብቻ አይደለም። ርዕሱ ራሱ ስለ ሌቦችና አጥፊዎች ነው። ፍትሕን ለወደድነው ሰው ብቻ የምንፈልግ ከሆነ፣ የምንፈልገው ፍትሕ ሳይሆን ወገንተኝነት ነው።

በዚያው መጽሐፍ ውስጥ፣ ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ) በደጅ ሲለምን ያገኙትን አይሁዳዊ ሽማግሌ ወደ ቤታቸው ወስደው እንደሰጡት፣ ለእሱና ለመሰሎቹም ከበይተል ማል ቀለብ እንዲቆረጥ እንዳዘዙ ተጽፏል። ስለዚህ ስንቅ ስንይዝ የእስረኛውን ስም አይተን ሃይማኖቱን መገመት አይገባንም።

ከዚህ ታሪክ ልንሠራባቸው የምንችላቸው ነገሮች፦

➊ የመስጂዳችን ጀመዓ በአካባቢው ማረሚያ ቤት ጠያቂ የሌላቸውን በሕጋዊ መንገድ ጠይቆ ያጣራ። በስም ዝርዝር ይሥራ፤ በግምት አይሁን።

➋ የተዋጣው ገንዘብ ማን እንደያዘው፣ ለማን እንደደረሰ ይመዝገብ፤ ሁለት ሰው ይፈርምበት። የዳቦውን ነገር አንርሳ።

➌ የታሳሪ ቤተሰብን እንጠይቅ። ኪራይና የልጆች ደብተር ከስንቁ እኩል ነው።

➍ በዕዳ የተጨነቁትን እናስብ። ባለ ዕዳዎች (ጋሪሚን) ከስምንቱ የዘካ ተቀባዮች ውስጥ ናቸው። ለማን እንደሚገባ ዑለማዎቻችንን እንጠይቅ።

➎ ሕግ የምትማሩ ወጣቶች፣ ሙያችሁን ወቅፍ አድርጉት። በወር አንድ ቀን ጠበቃ መክፈል ለማይችል ሰው ብትሰጡ፣ አቡ ዩሱፍ "መዝገቡ ይታይ" ያሉትን ሠራችሁ ማለት ነው።

➏ ተፈቶ የመጣን ሰው በሰላምታ እንቀበለው። ሶፍ ላይ ከጎናችን ሲቆም ኪሳችንን አንዳብስ። ሥራ ያለን ሥራ እናስይዘው።

አላህ (ሱ.ወ) የታሰሩትን በዳዮችም ሆኑ ተበዳዮች ልባቸውን ያቅናልን፤ የተበደሉትን ነጻ ያውጣ፤ ቤተሰቦቻቸውን ይጠብቅ። ኢማም አቡ ሐኒፋንና ኢማም አቡ ዩሱፍን ይዘንላቸው። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ጽሑፉን ለጀመዓችሁ አድርሱልን፤ በመስጂዳችሁ የጀመራችሁት ሥራ ካለም ሌላው እንዲማርበት ጻፉልን።